«ከሙሴነት ወረድሁ፤ ወደ ማኅበሩ ልመለስ?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በየወሩ በ12 የምንጠጣው የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለን። 24 አባላት ነን፤ ሰባት ዓመት ሙሴ፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ ሆኜ አገልግያለሁ። በኅዳር ሚካኤል ዝክር ዕለት ግን በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ወንድም ተመረጠ። «አልተቀየምኩም» ብዬ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሁለት ወር ቀርቻለሁ። ሰፈሩ ሁሉ «ታላቅ ሰው» ይለኝ ነበር። በእግዚአብሔር ፊት ታላቅ ሰው የሚባለው ማን ነው? መመለስስ አለብኝ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። አዎ፣ ይመለሱ። ምክንያቱን ደግሞ ሰባት ዓመት ሲጠሩበት ከኖሩት ስም እንነሣ። የጽዋ ማኅበር መሪ «ሙሴ» የሚባለው ሕዝበ እስራኤልን እየመራ በወጣው ነቢይ ስም ነው።

ሙሴ 120 ዓመት ኖረ (ዘዳ 34፥7)። ባሕር ተከፍሎለታል፣ ጽላት ተቀብሏል፣ 40 ቀን ጾሟል። መጽሐፍ ጠባዩን ሲመሰክር ግን «በምድር ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ ይልቅ እጅግ ትሑት ሰው ነበረ» ነው ያለው (ዘኁ 12፥3)። ይህ የተጻፈው የት ቦታ ላይ እንደሆነ ልብ ይበሉ። እኅቱ ማርያምና ወንድሙ አሮን «እግዚአብሔር የሚናገረው በእርሱ ብቻ ነው ወይ?» እያሉ ባሙት ሰዓት ነው። ሙሴ አንድ ቃል አልመለሰም፤ ማርያም በለምጽ በተመታች ጊዜ ግን «አቤቱ አድናት» ብሎ የጮኸላት እርሱ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ኤልዳድና ሞዳድ በሰፈር ትንቢት ሲናገሩም አገልጋዩ ኢያሱ «ከልክላቸው» አለው። የሙሴ መልስ «ስለ እኔ ትቀናለህን? የእግዚአብሔር ሕዝብ ሁሉ ነቢያት ቢሆኑ!» የሚል ነበር (ዘኁ 11፥29)።

የእርስዎን ጉዳይ በቀጥታ የሚነካው ግን ዘኁልቁ ምዕራፍ 27 ነው። እግዚአብሔር «ምድሪቱን ታያለህ እንጂ አትገባባትም፤ ትሞታለህ» አለው። 40 ዓመት ለደከመ ሰው ይህ ከባድ ነው። ሙሴ ግን ወዲያው የለመነው የእግዚአብሔር ማኅበር እረኛ እንደሌለው መንጋ እንዳይሆን ሌላ ሰው እንዲሾም ነው። የተሾመው ኢያሱ ደግሞ የገዛ ሎሌው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲላላከው የኖረ ነው። ሙሴ በካህኑ በአልዓዛርና በማኅበሩ ሁሉ ፊት አቆመው፣ እጁን ጫነበት፣ ከክብሩም አካፈለው። ጌታችን «ታላቅ ሊሆን የሚወድ አገልጋይ ይሁን» ያለው (ማር 10፥43) እዚህ ላይ በሥራ ይታያል።

እንዲህ ያለውም ሰው ተሰናክሏል። በመሪባ ሕዝቡ ውኃ በጠማው ጊዜ ድንጋዩን ተናገር ሲባል ሁለት ጊዜ መታው፤ በቁጣ «ከዚህ ድንጋይ ውኃ እናወጣላችኋለን?» አለ (ዘኁ 20፥10)። «እናወጣላችኋለን» የምትለዋን ቃል ይያዙልኝ። ውኃው የእግዚአብሔር ነው፤ አነጋገሩ ግን የሙሴና የአሮን አስመሰለው። ብዙ ዘመን ያገለገለ ሰው በአብዛኛው የሚወድቀው በዚህች በኩል ነው። «ማኅበሩን ያቆምኩት እኔ ነኝ»፣ «በእኔ ጊዜ እንዲህ አልነበረም» ማለት ይጀምራል። አባቶች ይህን ውዳሴ ከንቱ ይሉታል፤ በመልካም ሥራ ላይ ስለሚበቅል ባለቤቱ ቶሎ አያየውም። «አልተቀየምኩም» ብሎ መቅረትም አንዱ መልኩ ነው። «እኔ ምን አውቄ» እያሉ ምስጋና መጠበቅ ሌላው።

አሁን ምን ያድርጉ? አስቀድመው ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ። «ኃጢአተኛ ነኝ» ብለው በጅምላ አይለፉት፤ «በተተኪዬ ቀንቻለሁ፣ ሁለት ወር ከማኅበር ቀርቻለሁ» ብለው ነገሩን በስሙ ይጥሩት። ቀጥሎ ከ12 በፊት አዲሱን ሙሴ በአካል ያግኙት። በስልክ ወይም በሽማግሌ አይሁን፤ ማቴ 5፥24 «አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ» ይላል።

ያልተረከበው ነገር ካለ በዚያው ያስረክቡት። የአባላት ስም ያለበትን ደብተር፣ የመዋጮውን ገንዘብ፣ ማን ስንት ወር እንዳልከፈለ የሚያሳየውን መዝገብ በሁለት አባላት ፊት ቆጥረው ይስጡ፤ ተፈራረሙም። ብዙ ማኅበር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፦ የቀድሞው ሙሴ ደብተሩን «ይፈልጉኝ» ብሎ ያስቀምጠዋል፣ አዲሱ መጠየቅ ያፍራል፣ በመሐል ሐሜት ይገባል።

ማኅበሩ ቤት ሲገቡ የለመዱት ከካህኑ አጠገብ ያለው መቀመጫ ከሆነ እዚያ አይቀመጡ፤ በር አካባቢ ይሁኑ። ጠላውን የሚቀዱት ልጆች ሲደክሙ ማንቆርቆሪያውን ይቀበሏቸው። መጀመሪያ ቀን ፊትዎ ይቀላል፣ አንዳንዱም «ምነው እርስዎ?» ይላል። ዝም ብለው ይቅዱ፤ ማብራሪያ ከጀመሩ ትሕትናው ስብከት ይሆናል።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታብዎ። አዲሱ ሙሴ የማኅበሩን ገንዘብ ቢያጎድል ዝም ማለት ትሕትና አይደለም። ሙሴ ስለ ራሱ ሲታማ ዝም አለ፤ ሕዝቡ ለወርቁ ጥጃ ሲሰግድ ግን ጥጃውን የሠራላቸውን አሮንን ፊት ለፊት ጠየቀው። በማግሥቱ ደግሞ ለዚያው ሕዝብ «ይቅር በላቸው፤ አለዚያ ከጻፍኸው መጽሐፍ እኔን ደምስሰኝ» ብሎ ለመነ (ዘጸ 32፥32)። እርስዎም ጉድለት ካዩ አስቀድመው ለብቻው ይንገሩት፣ ካልሰማ ሁለት ሰው ይዘው፣ ከዚያ ለማኅበሩ (ማቴ 18፥15-17)። በሠርግና በለቅሶ ቤት አያውሩት።

በቀሩባቸው ሁለት ወራት የማኅበሩ መዋጮም አለብዎ፤ እርሱን ከአሁኑ ጋር አብረው ይክፈሉ። ጽዋው ወደ እርስዎ የሚዞርበት፣ ማለትም እርስዎ የሚደግሱበት ወር ደርሶ አልፎ ከሆነም የሚቀጥለውን ተረኛ አስፈቅደው ይውሰዱት፤ ማኅበርተኛውን የሚቀበለው አዲሱ ሙሴ ይሁን፣ እርስዎ ጓዳ ይግቡ።