ሁዳዴን ሮም ላይ፦ ምን ልብላ? የት ልደር?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የምጽፍልሽ ከደብረ ማርቆስ ነው። ልጄ ሮም፣ ላ ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ልትመረቅ ነው። ምረቃው ሁዳዴ ውስጥ ዋለ። ቪዛው ወጥቷል፣ ቲኬቱም ተቆርጧል። የእሷ ማደሪያ እንግዳ አያሳድርም። እኔ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። እዚያ አገር ያለው ሁሉ አይብና የአሳማ ሥጋ ነው እያሉ ያስፈራሩኛል። የት ልደር? ምንስ ልብላ?»

መልስ፦ እናቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ለዚህ ቀን ያብቃዎት እንጂ ለሆድዎ አያስቡ። እኔ ሮም አንዲት አሮጊት እየተንከባከብኩ ብዙ ሁዳዴ ጾሜያለሁ። የሮም ሰው ምግብ ዘይትና አትክልት አያጣም፤ ለጾመኛ ይመቻል። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው።

የእኛ ዘጠኝ ሰዓት እነሱ ጋ 15 ሰዓት ነው። ብዙ ምግብ ቤቶች የምሳ ኩሽናቸውን የሚዘጉት በዚሁ ሰዓት ነው። እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስም አይከፍቱም። እርስዎ እህል ሊቀምሱ ሲወጡ አስተናጋጁ ወለል ሲወለውል ይደርሳሉ። ስለዚህ ማደሪያውን ስንመርጥ ይህንን እያሰብን ነው።

መነኮሳይያት የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ማረፊያዎች ሮም ውስጥ ብዙ ናቸው። ንጹሕና ጸጥ ያሉ ናቸው፣ ለእናት ሰው ደስ ይላሉ። ግን ብዙዎቹ ማታ በር የሚዘጉበት ሰዓት አላቸው፤ ኩሽናም አያስነኩም። ለእርስዎ የምመርጠው ትንሽ ኩሽና ያለው የኪራይ ክፍል ነው። ሰፈሩ ደግሞ ፒያሳ ቦሎኛ ይሁን። የተማሪና የቤተሰብ ሰፈር ነው፤ ከልጅዎ ዩኒቨርሲቲም በእግር ይደረሳል። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጎን ርካሽ ሆቴል ሞልቷል፤ ነገር ግን ግርግሩና ሌባው ያሳቅቃል። እዚያ ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች እንጀራ ሲያምርዎት ይጠቅሙዎታል፤ ቀን ሄደው በልተው ይመለሱ።

ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ሲወጡ ሁሉም ሰው ሌዮናርዶ ኤክስፕረስ ወደሚባለው ባቡር ይጠቁምዎታል። እሱ 14 ዩሮ ነው፤ የሚወስደውም ተርሚኒ ነው። እርስዎ ኤፍ ኤል 1 የሚባለውን ባቡር በ8 ዩሮ ይያዙና ቲቡርቲና ይውረዱ። ከዚያ በሜትሮ አንድ ፌርማታ ብቻ ሄደው ቦሎኛ ነዎት።

ክፍሉን ሲይዙ የከተማው የማደሪያ ግብር ዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን ልጅዎ ትጠይቅ። ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚከፈለው። ከ2023 ኦክቶበር ጀምሮ ባለ 3 ኮከብ ሆቴል በአንድ ሌሊት ለአንድ ሰው 6 ዩሮ ነው። ሲደርሱ ሲጠይቁዎት እንዳይደነግጡ።

አሁን ወደ ምግቡ። ሽሮና በርበሬ ይዘው ይሂዱ፤ ክፍልዎ ውስጥ ይሠራሉ፣ ልጅዎም ናፍቋታል። ውጭ ከሆኑ ደግሞ በዘጠኝ ሰዓት የማይዘጉትን ይፈልጉ። እነሱም ፒሳ በቁራጭ የሚሸጡ ሱቆች ናቸው። በመቀስ ቆርጠው፣ መዝነው ነው የሚሰጡዎት። «ፒሳ ሮሳ» ይበሉ፤ ቲማቲምና ዘይት ብቻ ነው። «ፒሳ ቢያንካ» ደግሞ ዘይትና ጨው የተቀባ ቂጣ ነው፤ ትኩሱን ከደረሱበት እጅ ያስቆረጥማል።

ምግብ ቤት ከገቡ «ሴንዛ ፎርማጆ» የምትለዋን አይርሱ፤ ያለ አይብ ማለት ነው። ደረቁ ፓስታ፣ ስፓጌቲውና ፔኔው፣ ዱቄትና ውሃ ነው። ያልደረቀው፣ ፌቱቺኔ የሚባለው ፓስታ ግን እንቁላል አለበት። ቀይ ስጎ ሁሉ የጾም አይምሰልዎት። አማትሪቻና የሚባለው ቀዩ ስጎ የአሳማ ጉንጭ ሥጋ አለበት፤ ካርቦናራና ግሪቻ የሚባሉት የፓስታ አሠራሮችም እንደዚያው። አራቢያታ ይዘዙ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና የሚያቃጥል በርበሬ ነው፤ ለእኛ አፍ የተሠራ ይመስላል። ከጎኑ ቺኮሪያ ሪፓሳታ ይጨምሩ። በነጭ ሽንኩርትና በወይራ ዘይት የተቁላላ ቅጠል ነው፤ መረር ከማለቱ በቀር የእኛው የጾም ጎመን ነው። ፑንታሬሌ የሚባለው ሰላጣ ግን አሳ አለበት፣ ይለፉት።

አንድ ነገር ሳይቀምሱ እንዳይመለሱ። ሁዳዴ የሚውልበት ወቅት የሮም አርቲቾክ፣ እንደ አበባ እንቡጥ ያለው አትክልት፣ የሚደርስበት ነው። ቴስታቾ ገበያ ሴቶቹ ተቀምጠው ሲልጡት ይዩ። በአንድ እጅ ያሽከረክሩታል፣ በሌላው እጅ ቢላው ደረቁን ቅጠል እየከረከመ ይወርዳል፤ እንዳይጠቁር ሎሚ ያለበት ውሃ ውስጥ ይጥሉታል። በአይሁዶች አሠራር ሲጠበስ ደግሞ ሁለት ጊዜ ዘይት ውስጥ ይገባል፤ እንደ አበባ ይከፈታል፣ ቅጠሉ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ካርቾፎ አላ ጁዲያ ብለው ነው የሚጠሩት። የአይሁዶች ሰፈር ፖርቲኮ ዶታቪያ መንገድ ላይ ያገኙታል። እዚያ ያሉት ኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ ሕግ የሚሠሩ ምግብ ቤቶች፣ የአሳማ ሥጋ ደጃቸው አይደርስም። ሥጋ የሚሠሩት ደግሞ ወተትና ቅቤ ከቤታቸው አይገባም፤ ስለዚህ አትክልቱ በዘይት መጠበሱን አይጠራጠሩ።

ቡና ቆመው ይጠጡ፤ ሲቀመጡ ዋጋው ሌላ ነው፣ በተለይ ትልልቆቹ አደባባዮች ላይ። ውሃ አይግዙ። ናዞኔ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች በየመንገዱ ሌት ተቀን ይፈሳሉ፣ ንጹሕ ናቸው። አፉን በጣትዎ ሲደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ውሃው ወደ አፍዎ ይወጣል።

ጥያቄ፦ «እህታለም፣ ከዳንግላ ነኝ። እኔም ሮም ላለ ወንድሜ ቅቤ፣ ቋንጣና ማር ልወስድለት አስቤ ነበር። ያስገቡኛል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅቤውንና ቋንጣውን ተወው። የአውሮፓ ኅብረት ከእኛ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በተጓዥ እጅ አያስገባም፤ ትንሽ ነው ብትልም ይወስዱብሃል። እርጥብ ቃሪያና ጤና አዳምም ያለ እጽዋት ጤና ምስክር ወረቀት አይገቡም። የደረቀ በርበሬ ችግር የለውም። ማር ግን ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ተፈቅዷል፤ የጎጃም ማር ይዘህ ሂድ! በእጅ ሻንጣ አትያዘው፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ስለሆነ ፍተሻው ላይ ያስቀሩታል። ክዳኑን በፕላስተር እሸገው፣ በሁለት ፌስታል ቋጥረህ በሚጫነው ሻንጣ መሀል በልብስ ጠቅልለው።