ስለ ኪስ ባዮፊድባክ መሣሪያ፦ ጥያቄዎችና መልሶች

በእጅ የሚያዝ የባዮፊድባክ መሣሪያ፣ ማለትም የሰውነታችንን ሁኔታ ለክቶ መልሶ ለራሳችን የሚያሳይ መሣሪያ፣ ለውጥረት ይጠቅም እንደሆነ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ። በሙያዬ ነርስ ነኝ፤ የሌሊት ተረኛ በነበርሁበት ጊዜ እንቅልፍ አጥቼ በመሣሪያው መለማመድ ከጀመርሁ ስምንተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ጥያቄ፦ መሣሪያው ወደ ሰውነቴ የሚልከው ነገር አለ? የሚያረጋጋኝስ በምንድን ነው?

የሚያረጋጉት እርስዎ ራስዎ ነዎት። መሣሪያው በጣትዎ ወይም ጉትቻ በሚንጠለጠልበት የጆሮዎ ክፍል ላይ ደካማ ብርሃን እያበራ የደም ሥርዎን ምት ያነባል፤ ያነበበውንም በመብራት፣ በድምፅ ወይም በመስመር መልሶ ያሳይዎታል። ጤናማ ልብ እንደ ግድግዳ ሰዓት በእኩል ልክ አይመታም፤ አየር ስናስገባ ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ደግሞ ቬገስ የተባለው ነርቭ ልጓሙን ስለሚይዘው ዝግ ይላል። አዋቂ ሰው ዐርፎ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል፤ ይህ ቁጥር ወደ 6 ሲወርድ ግን የልብ ምት መፍጠንና መዝገም የደም ግፊትን ከሚያስተካክለው የሰውነት ሥርዓት ጋር ስለሚገጥም ልዩነቱ ይሰፋል። ያን ጊዜ በስክሪኑ ላይ እንደ ተሰበረ ማበጠሪያ ይቆራረጥ የነበረው መስመር ቀስ በቀስ ለስላሳ ኮረብታ ሲሆን ያያሉ። ሌሎች መሣሪያዎች የመዳፍን ላብ ወይም የጣትን ሙቀት ይለካሉ፤ ስንጨነቅ እጃችን የሚያልበውና የሚቀዘቅዘው ያለ ምክንያት አይደለምና።

ጥያቄ፦ ዋጋው ውድ ነው። ያለ መሣሪያ በመተንፈስ ብቻ፣ ወይም በጸሎት፣ ይህን ማግኘት አይቻልም?

በመተንፈስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ የጣሊያን ተመራማሪዎች ጥናት፣ የካቶሊክ መቁጠሪያ ጸሎት በላቲን ሲደገምም ሆነ ማንትራ የሚባለው የዮጋ ተደጋጋሚ ቃል ሲባል፣ የሰዎቹ ትንፋሽ በደቂቃ ወደ 6 መውረዱ ተለክቷል። ጥናቱ የለካው ትንፋሽንና የደም ዝውውርን እንጂ የጸሎትን ዋጋ አይደለም፤ እኔም ጸሎትን ከዕቃ ጋር ማወዳደር አልወድም። የመሣሪያው ጥቅም ስሕተትን ማሳየቱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ዝግ ብዬ የምተነፍስ ይመስለኝ ነበር፤ መስመሩ ግን አልለሰለሰም። በኋላ ሳስተውል፣ አየር ባስገባሁ ቁጥር ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣ፣ መንጋጋዬም ይቆለፍ ነበር። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ገንዘቡ ከሌለ ግን ከሰዓት ጋር አራት ሰከንድ ማስገባት፣ ስድስት ሰከንድ ማስወጣት በቂ መነሻ ነው።

ጥያቄ፦ ስለማመድ ራሴን አዞረኝ፣ ጣቶቼንም ውርር አደረገኝ። ለምን?

ይህ የብዙ ጀማሪዎች ችግር ነው፤ በአብዛኛው የሚመጣውም «በረጅሙ ተንፍስ» የሚለውን ምክር «ብዙ አየር ሳብ» ብሎ ከመረዳት ነው። ዝግ እያሉም ከሚገባው በላይ አየር ካስገቡና ካስወጡ፣ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልኩ በታች ስለሚወርድ ማዞርና ጣትን ውርር ማድረግ ይከተላል። ሲሰማዎት ወዲያው ያቁሙና እንደ ወትሮዎ ይተንፍሱ። በማግስቱ አንድ እጅዎን ከእምብርትዎ በላይ አድርገው በአፍንጫዎ ጥቂት አየር ያስገቡ፤ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርዱ ሁሉ በተሰበሰበ ከንፈር ቀስ ብለው ያስወጡ። ሳይለማመዱም የሚደጋገም ከሆነ ሐኪም ይይዎት።

ጥያቄ፦ ንባቡ ይቆራረጥብኛል።

እጅዎ ቀዝቅዞ ወይም እየተንቀሳቀሰ ይሆናል፤ ጥቁር የጥፍር ቀለምም ብርሃኑን ይከለክላል። የሙቀት መለኪያ ከሆነ ደግሞ የቡናውን ሲኒ እንዳስቀመጡ ወዲያው አይለኩ፤ የሚያነቡት የሲኒውን ሙቀት ነውና።

ጥያቄ፦ ታክሲ እነዳለሁ። እየነዳሁ ልጠቀምበት?

በፍጹም። መኪናውን አቁመው፣ ሞተሩን አጥፍተው ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ የደም ግፊት መድኃኒቴን ሊተካልኝ ይችላል?

አይችልም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መግለጫ በመሣሪያ የሚመራ ዝግ ያለ አተነፋፈስ የደም ግፊትን ለመቀነስ በተጨማሪነት ሊታሰብ እንደሚችል ገልጿል። ነገር ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የታተመ የጥናቶች ግምገማ፣ አምራቹ እጁን ያስገባባቸው ሙከራዎች ሲወጡ የደም ግፊት ጥቅሙ እንዳልታየ አሳይቷል። ስለዚህ ለመረጋጋት ይጠቀሙበት፣ መድኃኒትዎን ግን ያለ ሐኪምዎ ትእዛዝ አንዲት ፍሬ እንኳ አይቀንሱ። የልብ ምት መዛባት ያለባቸው ወይም ፔስሜከር (የልብን ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) የተገጠመላቸው ሰዎች ደግሞ በምት ልዩነት ላይ የተመሠረተው ውጤት ስለማያስተማምን፣ የጣት ሙቀት መለኪያ ቢመርጡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጄ ከፈተና በፊት ትጨነቃለች። ልግዛላት?

ልጆች በተፈጥሯቸው ከአዋቂ ፈጠን ብለው ይተነፍሳሉ፤ ስለዚህ በደቂቃ 6 ላይ አያስገድዷት፣ ለእርሷ የሚመቸው ከዚያ ከፍ ሊል ይችላል። በፈተናው ጠዋት አይጀምሩ፤ አንድ ወር ቀደም ብላ በቀን አምስት ደቂቃ ትለማመድ። ነጥብ የሚሰጥ መሣሪያ ከሆነ «ስንት አገኘሽ?» ብለው አይጠይቋት፣ ያ ራሱ ሌላ ፈተና ይሆንባታልና። ከጎኗ ተቀምጠው፣ ስክሪኑን ሸፍነው፣ አብረዋት ይተንፍሱ፤ ከዚያ በኋላ ገልጣችሁ እዩት።