የዓለምን ድንቅ ሥራዎች ለሕፃናት ስታስተምሩ፦ ለወጣት መምህራን

ውድ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፦

ሕፃናትን ሥዕልና የእጅ ሥራ በማስተማር ዕድሜዬን ካሳለፍኩ በኋላ ይህን የምጽፍላችሁ፣ እኛ ያልነበረን መሣሪያ በእጃችሁ ስለገባ ነው። በእኛ ጊዜ የግብፅን ፒራሚድ የምናሳየው ከአሮጌ መጽሔት በተቆረጠ ፎቶግራፍ ነበር። እናንተ ግን በአንድ ስልክ ሕፃናቱን ጊዛ አድርሳችሁ፣ ዙሪያውን አስቃኝታችሁ፣ ወዲያው ወደ ፓሪስ ልታሻግሯቸው ትችላላችሁ። በዚህ ከልቤ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የአምስት ዓመት ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ ብዙ አገር ቢዞር፣ ማታ እናቱ ስትጠይቀው «ትልቅ ቤት አየሁ» ከማለት በቀር የሚነግራት አይኖረውም። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ቅርሱ ምን እንደሚመስል ከማሳየት አልፋችሁ እንዴት እንደተሠራ አስተምሩ፤ ልጁ በእጁ የሚይዘውን ቁሳቁስም ከዚያ አሠራር ተነሥታችሁ ምረጡ።

የኩፉ ታላቅ ፒራሚድ የቆመው ወደ 2.3 ሚሊዮን የሚጠጉ ድንጋዮች ተደራርበው ነው። እንግዲያው ልጆቹ ባዶ የክብሪት ሳጥን ሰብስበው ይደርድሩ፤ ወደ ላይ እየጠበበ የሄደው ሲጸና፣ ቀጥ ብሎ የተካበው በትንሽ ንክኪ ሲናድ ማንም ሳይነግራቸው ያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1889 የተጠናቀቀው የኤፍል ማማ ግን የድርደራ ሥራ አይደለም። 18,038 የብረት ክፍሎች በ2.5 ሚሊዮን ሪቬት (ሁለት ብረት አጣብቆ የሚይዝ የብረት ችንካር) ተያይዘው የቆሙበት ሥራ ስለሆነ፣ እርሱን ለማስተማር ከማሽላ አገዳ የሚሻል ነገር አላገኘሁም። አራት አገዳ በአራት ማዕዘን ተገጥሞ በጣት ሲገፋ ይዘማል፤ ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ሰያፍ አገዳ ሲገባበት ደግሞ ቀጥ ይላል። ይህን በእጁ የሞከረ ልጅ ከዚያ በኋላ የማማውን ምስል በስክሪኑ ላይ አቅርባችሁ ብታሳዩት፣ ያንን ሰያፍ ከእግሩ እስከ ጫፉ ድረስ እየለቀመ ይቆጥርላችኋል። ሳይሠራ በፊት ቢያየው ኖሮ ዓይኑ የሚያርፍበት ነገር አልነበረውም።

ከሁሉም በላይ ጊዜ እንድትሰጡት የምፈልገው የላሊበላ ትምህርት ነው። ሕፃን ልጅ ቤት የሚሠራው ከታች ወደ ላይ፣ በመጨመር እንደሆነ ያውቃል፤ ቤተ ጊዮርጊስ ግን ከላይ ወደ ታች፣ በመቀነስ የተሠራ ነው። ፈልፋዮቹ በመጀመሪያ ያገኙት ጣሪያውን ነው። ይህ ለትልቅ ሰውም ቢሆን ቶሎ የማይጨበጥ ሐሳብ ነው፤ ለልጅ ደግሞ በቃል ብቻ ፈጽሞ አይገባም። ለየልጁ አንድ ቁራሽ የልብስ ሳሙናና ጫፉ የደነዘዘ መፋቂያ ስጡት። በሳሙናው ላይ መስቀል ይሳል፤ ከዚያም ዙሪያውን እየፋቀ ይውረድ። ጥቂት እንደሄደ፣ የቆረጠው ነገር ተመልሶ እንደማይለጠፍ፣ በርና መስኮቱን የት እንደሚያደርግ አስቀድሞ ማሰብ እንደነበረበት ይረዳል። አንዳንዱ ልጅ መስቀሉ ሲሰበርበት ያለቅሳል፤ አትገሥጹት፣ ሌላ ሳሙና ስጡት።

ቴክኖሎጂው በእውነት የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው። ከ11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አንዱን በቦታው ተገኝቶ የሚጎበኝ ሰው እንኳ ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ጣሪያውን ሲያይ ውስጡን አያይም፤ ውስጥ ሲገባም ጣሪያው ይሰወርበታል። በሦስት አቅጣጫ የተቀረጸ ዲጂታል ምስል ግን ከላይ፣ ከጎንና ከውስጥ እየተገላበጠ ይታያል። በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት ባለሙያዎች እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ቅኝት ለክተው መዝግበዋል። እንዲህ ያለው ምዝገባ ለጥበቃም ይጠቅማል፤ የፓሪሱ ኖትር ዳም እ.ኤ.አ. በ2019 ሲቃጠል፣ ቀደም ብሎ በሌዘር ተለክቶ መቀመጡ ለመልሶ ግንባታው ረድቷል። ይሁን እንጂ ምስሉ ባዶ ሕንፃ ብቻ እንዳያስመስለው ተጠንቀቁ። ላሊበላ ዛሬም የሚቀደስበት፣ በገና ምእመናን የሚጎርፉበት፣ ጫማ ወልቆ የሚገባበት ስፍራ ነው፤ ይህንን ስክሪኑ አይናገርም፣ እናንተ ንገሯቸው። በክፍላችሁ የተለያየ እምነት ያላቸው ልጆች ስላሉም የሐረርን ጀጎል ግንብና በሮቹን በዚያው ወር አስከትሉ።

ስለ መሣሪያው አጠቃቀም ጥቂት ልበል። ዓይን ላይ የሚጠለቀውን የቨርቹዋል መነጽር ለሕፃናት አታድርጉ፤ መነጽሩን ከሚሠሩት ኩባንያዎች ሜታ ከ10 ዓመት በታች፣ ሶኒም ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይውል ራሳቸው አስጠንቅቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ተቀምጠው ስክሪን እንዳያዩ ይመክራል። አንድ ታብሌት ወይም ፕሮጀክተር ለሁሉም ይበቃል። ምስሉን የምታንቀሳቅሱት እናንተ ሁኑ፣ ቀስ ብላችሁ፣ «አሁን ወዴት እንሂድ?» እያላችሁ። ኔትወርክና መብራት ስለማይታመን ምስሎቹን ከዋዜማው አውርዳችሁ አስቀምጡ።

ከጉብኝቱ በኋላ ልጆቹ ይሳሉ። እዚህ ላይ የማልደራደርበት ነገር ቢኖር፣ ዙሪያ መስመሩ ታትሞ ቀለም ብቻ እንዲቀባ የሚሰጥ ወረቀት ነው፤ እርሱ ልጁ ምን እንዳየ አይነግራችሁም። ባዶ ወረቀትና ከሰል ስጡት። ከሰባት ዓመት ገደማ ጀምሮ ብዙ ልጆች የሕንፃውን ውጭ ስለው በግድግዳው ውስጥ ያሉትን ሰዎች አብረው ያሳያሉ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ሊቁ ቪክቶር ሎወንፌልድ ይህን የዕድገት ደረጃ አድርገው ገልጸውታል፤ አንዳንድ መምህር ግን ስሕተት መስሎት ያርመዋል። እባካችሁ አታርሙ። ልጁ ከላይም ከውስጥም ያየውን በአንድ ገጽ ማኖሩ፣ ጉብኝቱ እንደገባው የምታውቁበት ምልክት ነው።

ስክሪን የማይችለው ሌላ ነገር መጠን ነው፤ በእርሱ ላይ ፒራሚዱም ዶሮውም አንድ ያክላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ትምህርታችሁን በአክሱም ሐውልት ብትጀምሩ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን የተመለሰው ሐውልት 24 ሜትር ያህል ነው። በግቢው ውስጥ 24 ሜትር ገመድ ዘርጉና ልጆቹ ራስና እግር እየተገናኙ በጎኑ ይተኙ፤ ስንት ልጅ እንደፈጀ ራሳቸው ይቁጠሩ። ከዚያ ገመዱን 33 ሜትር አድርሱት፤ ይህ ወድቆ የተሰባበረው የትልቁ ሐውልት ቁመት ነው። ለምን እንደወደቀ መጠየቃቸው አይቀርም። ከቁመቱ አንጻር ወደ መሬት የገባው ክፍል ጥቂት መሆኑን ተመራማሪዎች እንደ ምክንያት ያነሣሉ፤ እናንተ ግን መልሱን ከመንገራችሁ በፊት፣ ከጭቃ ረጃጅም ዓምዶች ሠርተው ካደረቁ በኋላ አንዱን በአሸዋ ውስጥ ጠለቅ፣ ሌላውን ብቅ አድርገው እንዲተክሉና እንዲገፏቸው አድርጉ።