«ከድሮ ሻምፒዮኖች ማን ይበልጣል?» ላልከው ወንድሜ፦ እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገርህ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ሌሊት ከሥራ ስወጣ አነበብኩት። ዳላስ ከመጣህ ሁለት ዓመትህ ነው። የሥራ ቦታህ የምሳ ሰዓት ወሬ በሙሉ ኮሌጅ ፉትቦል፣ የዩኒቨርሲቲዎቹ የአሜሪካ ፉትቦል፣ ነው። ከድሮ ሻምፒዮኖች የ1995ቱ ነብራስካ ይበልጣል፣ የለም የ2001ዱ ማያሚ፣ የለም የ2019ኙ የሉዊዚያናው ኤል ኤስ ዩ እያሉ ይከራከራሉ። ቅዳሜ ተሰብስበው ድምፅ ሊሰጡ ነው፣ ገንዘብም ይያዛል ተብለሃል። «በምን ላወዳድር?» ነው ያልከው።

ከላይ የመለሱልህ ሰዎች «ጎግል አድርገው» ብለው አልፈዋል። እኔ በዚህ ነገር የቤት ኪራዬን ያጣሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ትንሽ ይረዝምብሃል፣ ታገሠኝ። የጨዋታውን ሕግ አላስረዳህም፤ ሁለት ዓመት ከእነሱ ጋር ምሳ ከበላህ ታችዳውን ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

1. የመጨረሻው ጨዋታ ሳያልቅ ማንንም «ከሁሉ በላጭ» አትበል።

ይኼን መጀመሪያ ያደረግኩት እኔን የፈጀኝ እሱ ስለሆነ ነው። ጊዜው የ2005 መጨረሻ ነው። እኔም እንዳንተ ዳላስ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ጋርላንድ አካባቢ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ የማታ ሺፍት እሠራለሁ። የካሊፎርኒያው ዩ ኤስ ሲ ካለፉት ዓመታት ጀምሮ እስከዚያ ድረስ 34 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፏል። ኳርተርባኩ፣ ኳሱን የሚወረውረው፣ ማት ላይናርት የ2004ን የሃይዝማን ሽልማት ወስዷል፣ ሬጂ ቡሽ ደግሞ የ2005ን። የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች የተባሉ ሁለት ሰዎች አንድ ቡድን ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። ቴሌቪዥን ላይ ዩ ኤስ ሲን ከድሮ ታላላቅ ቡድኖች ጋር አንድ በአንድ ያወዳድሩታል። ከታሪክ ሁሉ ይበልጣል የሚለው ወሬ አየሩን ሞልቶታል። የመጨረሻው ጨዋታ ግን ገና አልተደረገም!

እኔም አመንኩ። በዚያ ላይ የሥራ ባልደረቦቼ በሙሉ የቴክሳስ ልጆች ናቸው፣ ሲፎክሩ ያበሽቁኛል። ከሦስቱ ጋር በ200፣ 200 ዶላር ተወራረድኩ። 600 ዶላር ማለት ነው። ኪራዬ 640 ነበር። ጨዋታው ጥር 4 ቀን 2006 ነው፣ ኪራይ የሚከፈለው እስከ አምስት። ሒሳቤ ቀላል ነበር፤ ማታ አሸንፋለሁ፣ ጠዋት እከፍላለሁ።

አንድ ከነብራስካ የመጣ ሽማግሌ ፎርክሊፍት የሚነዳ ሰው ነበር። ገንዘቡን በፖስታ የያዘልን እሱ ነው። ፖስታውን ስሰጠው «ልጄ፣ ጨዋታውን ጠብቅ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። አልሰማሁትም።

በአራተኛው ኳርተር ሰባት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሲቀር ዩ ኤስ ሲ 38 ለ 26 ይመራ ነበር። ብሬክ ሩም ውስጥ ከሶዳው ማሽን አጠገብ ነበር የተቀመጥኩት። ተነሥቼ ቆምኩ። ከዚያ የቴክሳሱ ቪንስ ያንግ ሮጦ አገባና 38 ለ 33 ሆነ። ሁለት ደቂቃ ሲቀር ዩ ኤስ ሲ አራተኛ ዳውን፣ ማለት የመጨረሻው ሙከራ፣ ላይ ደረሰ፣ የሚፈልገው ሁለት ያርድ ብቻ ነው። ኳሱን ለሌንዴል ዋይት ሰጡት። ሬጂ ቡሽ፣ ያ የሃይዝማኑ ሰው፣ ከሜዳ ውጭ ቆሞ ያያል! ዋይትን አስቀሩት። ቀጥሎ 19 ሰከንድ ሲቀር፣ አሁንም አራተኛ ዳውን፣ ያንግ የሚወረውርለት ሰው ሲያጣ በቀኝ በኩል 8 ያርድ ሮጦ ጥጉ ላይ ገባ። 41 ለ 38 አለቀ። ሰውየው በዚያ ማታ በሩጫና በውርወራ 467 ያርድ ሠርቷል። ዌርሃውሱ ተናወጠ። እኔ ማሽኑን ተደግፌ ቀረሁ።

በማግስቱ አፓርታማው ኦፊስ ሄድኩ። ብር እንደጎደለኝ፣ በሚቀጥለው ደሞዝ እንደምጨርስ ለመናገር ነበር። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «75 ዶላር ቅጣት ይጨመራል» አለች። ያለኝን ሰጥቼ ልሂድ ብል «ካሽ አንቀበልም፣ መኒ ኦርደር አምጣ» አለችኝ። መኒ ኦርደር ገዝቼ ስመለስ ለምሳ ዘግተዋል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ድረስ ብርድ ላይ ቆምኩ። ስትከፍት «ግማሽ ክፍያ አንወስድም፣ ሙሉውን ይዘህ ና» አለች። መጀመሪያውኑ ይኼን ልትነግረኝ አትችልም ነበር? በሁለተኛው ቀን በሬ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ጎረቤቶቼ ሁሉ አበሻ ናቸው፣ ሁሉም አንብቦታል። ዓመታት አልፈዋል፣ ዛሬም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል። አንድ የአገሬ ልጅ ነው አበድሮኝ የከፈልኩት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ቅዳሜ ገንዘብ አትያዝ። «የለኝም» በል፣ ነውር የለውም።

ደግሞ የተሳሳትኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። በ1973 ሻምፒዮን የሚመርጠው የአሰልጣኞቹ ድምፅ የሚሰጠው ከቦውል ጨዋታዎች፣ ከዓመቱ መዝጊያ ግጥሚያዎች፣ በፊት ነበር። አላባማን ሻምፒዮን አሉት። አላባማ ሄዶ በሹገር ቦውል በኖትር ዴም 24 ለ 23 ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ነው ድምፁን ከቦውል በኋላ ያደረጉት።

2. የነጥብ ብዛት አትቁጠር፣ ከዘመኑ ሰዎች ምን ያህል እንደራቀ ቁጠር።

ከዚያ እልህ ያዘኝ። በእረፍቴ ቀን ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ የድሮ ውጤቶችን እገለብጥ ነበር። ደብተሩ አሁንም አለኝ። መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ሁሉንም በአማካይ ነጥብ መደርደር ነበር። በዚህ መንገድ ከሄድክ ዝም ብሎ የቅርቡ ያሸንፋል። የ2019ኙ ኤል ኤስ ዩ በ15 ጨዋታ 726 ነጥብ አግብቷል። ጆ በሮ 60 የታችዳውን ኳስ ወርውሯል። የድሮ ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር አያውቅም፣ ምክንያቱም ጨዋታው ራሱ ሌላ ነበር። የሚጫወቱት ጨዋታም ያነሰ ነበር።

ለእኛ ሰው በእኛ ምሳሌ ልንገርህ። አበበ ቢቂላ በሮም በ1960 ማራቶኑን የጨረሰው በ2:15:16 ነው፣ በቶኪዮ በ1964 በ2:12:11። ቀነኒሳ በ2019 በርሊን ላይ 2:01:41 ገብቷል። ታዲያ አበበ ትንሽ ሯጭ ነው የሚል ማን አለ? አበበ በሁለቱም ጊዜ ዓለም አይቶት የማያውቀውን ሰዓት ነው የሮጠው። ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ጥሎ ገብቶ፣ ሌሎቹ ስታዲየም ሲደርሱ እሱ ሣሩ ላይ ጂምናስቲክ ይሠራ ነበር። ታላቅነቱ ያ ርቀት ነው። ይኼንን ምሳሌ ለሥራ ባልደረቦቼ ነግሬያቸው ክርክሩ ወዲያው ነው የቆመው። አንተም ንገራቸው፤ አበበን የማያውቅ ካለ በስልክህ አሳየው።

ዘመን ስትመዝን ሁለት ነገር አትርሳ። አንደኛ፣ ስንት ተጫዋች በነጻ ትምህርት መያዝ ይችሉ ነበር? እስከ 1973 ድረስ አገር አቀፍ ገደብ አልነበረም፣ ሀብታሙ ትምህርት ቤት የፈለገውን ያህል ይሰበስባል። በ1973 ገደቡ 105 ሆነ፣ በ1978 95፣ ከ1992 ጀምሮ ደግሞ እየቀነሰ ሄዶ በ1994 85። ስለዚህ በ85 የተሠራ ቡድን ሁሉንም ሲቀጠቅጥ ክብደቱ ሌላ ነው። ሁለተኛ፣ እነማንን አሸነፈ? የ1945ቱ አርሚ፣ የጦር አካዳሚው ቡድን፣ 9 ጨዋታ ተጫውቶ 412 ለ 46 ነው ጠቅላላ ውጤቱ። ያስደነግጣል፣ ግን የጦርነት ዘመን ነበር፣ የሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ልጆች ግንባር ነበሩ። የ1971ዱ ነብራስካ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ሁለተኛ የወጣውን ኦክላሆማንና ሦስተኛ የወጣውን ኮሎራዶን ሁለቱንም አሸንፏል። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ማለት ነው!

3. የከፋ ቀኑን ጠይቅ።

ይኼን ያስተማረኝ ያ ሽማግሌ ነው። ገንዘቤን ካጣሁ በኋላ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ምሳ ላይ ከጎኔ ይቀመጥ ጀመር። «ሁሉም ቡድን ጥሩ ቀን አለው» ይላል። «ሲታመሙ፣ ሲደክሙ፣ ሲሳሳቱ ምን ሆኑ? እሱን ጠይቅ።»

በዚህ መለኪያ ሂድ። ኤል ኤስ ዩ በራሱ ሜዳ ኦበርንን ያሸነፈው 23 ለ 20 ነው። ቫንደርቢልት፣ ደካማው ቫንደርቢልት፣ 38 ነጥብ አግብቶበታል። የ2022ቱ ጆርጂያ በመጨረሻው ጨዋታ ቲ ሲ ዩን 65 ለ 7 ደበደበ። ከዚያ በፊት ግን አትላንታ ላይ ኦሃዮ ስቴትን 42 ለ 41 ያለፈው የአዲስ ዓመት እኩለ ሌሊት ሲሆን ኦሃዮ ስቴት የመታው ኳስ ወደ ውጭ ስለወጣለት ነው።

የ2001ዱ ማያሚስ? ከዚያ ቡድን 38 ሰው ለፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ ለኤን ኤፍ ኤል፣ ተመርጧል፣ 17ቱ በመጀመሪያው ዙር። ኤድ ሪድ፣ አንድሬ ጆንሰን፣ ክሊንተን ፖርቲስ፣ ሾን ቴይለር። ተቀምጦ ተራ ይጠብቅ የነበረው ፍራንክ ጎር ነው፣ አስበው። ጠቅላላ ውጤታቸው 512 ለ 117። ግን ቨርጂኒያ ቴክን በ26 ለ 24 ነው ያለፉት። ቦስተን ኮሌጅም መጨረሻው ላይ በአምስት ነጥብ ብቻ እየተመራ መስመራቸው ድረስ ተጠግቶ ነበር። ኳሱ ተመትቶ የማያሚው ማት ዋልተርስ እጅ ገባ። ኤድ ሪድ ከራሱ ጓደኛ እጅ ነጥቆ 80 ያርድ ሮጠ፣ 18 ለ 7 አለቀ። ሰውየውን የምወደው ለዚህ ነው። ቢሆንም ለጥቂት ነበር።

ነብራስካ በ1995 12 ጨዋታ ተጫወተ። ከሁሉ ያነሰው ልዩነት 14 ነጥብ ነው፣ ዋሽንግተን ስቴትን 35 ለ 21። በቃ፣ የከፋ ቀናቸው እሱ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ከአሥሩ ውስጥ ከገቡት አራቱን አሸንፈዋል፣ ሁለተኛ የወጣውን ፍሎሪዳን 62 ለ 24። በዚያ ጨዋታ በሩጫ ብቻ 524 ያርድ ሄዱ። ፍሎሪዳ በሩጫ ከዜሮ በታች፣ 28 ያርድ ወደ ኋላ!

አንድ ነገር ግን ሽማግሌውም አይደብቅም። ሎረንስ ፊሊፕስ የሚባለው ተጫዋቻቸው ሴት ልጅ ደብድቦ ታግዶ ነበር። አሰልጣኙ ቶም ኦስቦርን ወቅቱ ሳያልቅ መለሰው፣ የመጨረሻውንም ጨዋታ ተጫወተ። በጣም ተወቅሶበታል፣ እኔም ልክ ነበር አልልም። ስለ ነብራስካ ስትከራከር ይኼን ቢያነሱብህ አትሽሽ። ሜዳ ላይ የሆነውን ነው የማወዳድረው በል።

በጥር 2020 ኤል ኤስ ዩ ክሌምሰንን 42 ለ 25 ባሸነፈ ሳምንት የእኛም ሺፍት እንደናንተ ድምፅ ሰጠ። የሉዊዚያና ልጆች ብዙ ነበሩ፣ አለቀ ደቀቀ ይላሉ። እኔ ደብተሬን ይዤ ተነሣሁ። አንዱን «የናንተ ቡድን የከፋ ቀኑ የትኛው ነው?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ስልኬን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁና የነብራስካውን ኳርተርባክ የቶሚ ፍሬዚየርን ሩጫ ከፈትኩ። ፍሎሪዳ ላይ፣ ሦስተኛው ኳርተር ሊያልቅ ሲል። ኳሱን ይዞ በቀኝ ይዞራል፣ ይይዙታል፣ አይወድቅም። ሌላው ይመጣል፣ ያወላውላል። ክምር ይሠሩበታል፣ ከክምሩ ውስጥ ይወጣል። 75 ያርድ። እያቆምን የያዙትን ሰዎች በጣት ቆጠርን፣ ሰባት ደረስን። አንዱ ስምንት ነው ብሎ እንደገና ከፈተው።

ከ19 ሰው 12ቱ ነብራስካን መረጡ። ሽማግሌው ያኔ ጡረታ ወጥቷል። ደውዬ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና «ፖስታ ይዘህ ነበር?» አለኝ። አልያዝኩም አልኩት።

የእኔን ፍርድ ከፈለግህ፣ ተጫዋች በተጫዋች ምረጥ ብትለኝ ማያሚን እመርጣለሁ፣ አላመነታም። ማን የተሻለ ዓመት አሳለፈ ካልከኝ ነብራስካ ነው። ቅዳሜ ከመጀመራችሁ በፊት ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የትኛውን እንደሚጠይቁ አስወስናቸው፣ ግማሹ ጭቅጭቅ የሚመጣው ከዚያ ነው። የፍሬዚየርን ሩጫ ዩቲዩብ ላይ ቀድመህ አውርደው፤ የብሬክ ሩም ዋይፋይ አይታመንም። ውጤቱን እዚሁ ጻፍልኝ።