«ጥንታዊ ተወላጅ ታራሚዎች» ልንል ይገባል? ስለ አውስትራሊያ ነባር ሕዝቦችና ስለ ፍትሕ ስንጽፍ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜልበርን ነው። ለማኅበረሰባችን ጋዜጣ አጫጭር ጽሑፎችን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ሰሞኑን በ1991 ሪፖርቱን ስላቀረበው ንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽን (በአውስትራሊያ ከፍተኛው የመንግሥት የምርመራ አካል) ስጽፍ እንዲህ አልኩ፦ «በማረሚያ ቤት ሕይወታቸው ያለፈ 99 የአውስትራሊያ ጥንታዊ ተወላጅ ታራሚዎች»። አንድ ወዳጄ «ይሄ ልክ አይደለም» አለኝ። የቱ ቃል ነው የተሳሳተው? ሌላም አለኝ። ፖሊስ ሰው ሲይዝ የሚያነበውን ማስጠንቀቂያ «መናገር አያስፈልግዎትም» ብዬ ብተረጉመው ያስኬዳል?

መልስ፦ ወዳጅዎ እውነቱን ነው። እንዲያውም በዚያች አጭር ሐረግ ውስጥ ሦስት የሚታረሙ ቃላት አሉ። ከአማርኛው በፊት ግን ነገሩን ላንሳ፤ ያለ እሱ ቃሉን መምረጥ አይቻልም። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፋቸው።)

ኮሚሽኑ የተቋቋመው በ1987 ነው። ከ1980 መግቢያ እስከ 1989 አጋማሽ ድረስ በፖሊስ እጅ፣ በእስር ቤት ወይም በወጣቶች ማቆያ ሳሉ የሞቱ 99 የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ሰዎችን (የአውስትራሊያን ነባር ነዋሪዎች ማለት ነው) ጉዳይ አንድ በአንድ መረመረ። 339 ምክረ ሐሳቦችም አቀረበ። ከ99ኙ ውስጥ 63ቱ የሞቱት በፖሊስ እጅ ሳሉ ነበር። በእስር ቤት የሞቱት 33 ናቸው። 3ቱ ደግሞ በወጣት ጥፋተኞች ማቆያ ነበሩ።

እንግዲህ «ታራሚ» የሚለውን ቃል እንየው። ታራሚ ማለት ተከሶ፣ ተፈርዶበት፣ በማረሚያ ቤት ቅጣቱን የሚፈጽም ሰው ነው። በፖሊስ ጣቢያ ያደረ ሰው ታራሚ አይባልም። ምኑ ይታረማል? ጥፋቱ ገና አልተረጋገጠም። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የፖሊስ ጣቢያ ያደሩት አደባባይ ላይ ሰክራችኋል ተብለው ነው። ስለዚህ «99 ታራሚዎች» ስንል ከ63ቱ በብዙዎቹ ላይ ማንም ዳኛ ያልሰጠውን ፍርድ እኛ ሰጠን ማለት ነው። ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። ሟች ተነስቶ ሊያስተባብል አይችልም።

አማርኛችን በዚህ ረገድ ድሃ አይደለም። የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት ይክፈቱ። አንቀጽ 19 ስለ ተያዙ ሰዎች ይናገራል። አንቀጽ 20 ስለ ተከሰሱ ሰዎች ነው። አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ስላሉና በፍርድ ስለ ታሰሩ ሰዎች ይደነግጋል። ተያዘ፣ ተከሰሰ፣ ተፈረደበት፤ ሦስቱ ሦስት የተለያየ ቦታ ናቸው። ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽ፣ ፍርደኛ የምንላቸውም ለዚሁ ነው። ጋዜጠኞቻችን ግን በችኮላ ሁሉንም «ወንጀለኛ» ሲሏቸው እሰማለሁ። ያሳዝነኛል።

ታዲያ 99ኙን በአንድ ስም ምን እንበላቸው? «በጥበቃ ሥር ሳሉ የሞቱ» ማለት በሕግ ቋንቋ ትክክል ነው። እኔ ግን እዚህ ቦታ «ጥበቃ»ን አልመርጥም። ምክንያቱ ከአማርኛው ሳይሆን ከአውስትራሊያ ታሪክ የመጣ ነው። ቪክቶሪያ በ1869፣ ክዊንስላንድ በ1897፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ በ1909 የአቦርጂናል «ጥበቃ» ሕጎች አወጡ። በእነዚህ ሕጎች መንግሥት ሰዎቹ የት እንደሚኖሩና የት እንደሚሠሩ ይወስን ነበር። ልጆችን ከእናቶቻቸው ነጥሎ ይወስድ ነበር። ኮሚሽኑ ከመረመራቸው 99 ሟቾች ውስጥ 43ቱ በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው የተነጠሉ ናቸው። ስለዚህ ስለ እነዚህ ሰዎች ሞት ስንጽፍ «ጥበቃ» የምትለው ቃል ቁስል ትነካለች። «በመንግሥት እጅ ሳሉ የሞቱ» ይበሉ። አማርኛ ሰሚ «እጅ» ሲባል ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ፖሊስ ጣቢያውንም፣ እስር ቤቱንም፣ የወጣቶች ማቆያውንም ይይዛል።

ወደ «ጥንታዊ» ልሂድ። ጥንታዊ የምንለው ሐውልትን፣ ብራናን፣ ከተማን ነው። ዛሬ ሜልበርን ውስጥ ትራም ላይ አጠገብዎ የተቀመጠችን ሴት ጥንታዊ ልንላት አንችልም። «ቀደምት»ም ችግሩ ያው ነው፤ «ቀደምት አባቶቻችን» ስንል ያለፉትን ነው። ሁለቱም ቃላት ሕያው ሕዝብን ወደ ሙዚየም ይልካሉ።

«ተወላጅ» ደግሞ ብቻውን አይቆምም። «የጎንደር ተወላጅ» ስንል ጎንደር የተወለደ ሁሉ ይገባበታል። የእርስዎም ልጅ ሜልበርን ከተወለደ የአውስትራሊያ ተወላጅ ነው። ለምንፈልገው ትርጉም አይበቃም። «አገር በቀል» የሚሉም አሉ። እሱ ለዕውቀት፣ ለዛፍ፣ ለድርጅት ይሁን። ለሰው ሲባል ጆሮዬን ይሻክረኛል።

የሚሻለው «ነባር» ነው። ነባር ሠራተኛ፣ የሰፈሩ ነባር እንላለን። ቀድሞም የነበረ፣ አሁንም ያለ ማለት ነው። ሁለቱንም በአንድ ቃል ይይዛል። በእርግጥ እኛ አገር «ነባር» ከ«መጤ» ጋር ተጣምሮ ስንት ሰው እንዳስለቀሰ አውቃለሁ። አውስትራሊያ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ቃሉ የሚናገረው የብሪታንያ መርከቦች በ1788 ከመድረሳቸው በፊት እዚያው ስለነበሩና መሬታቸውን ስለተነጠቁ ሕዝቦች ነው። ማንንም ለማባረር የተነሳ ቃል አይደለም።

«ሕዝቦች» ብለው በብዙ ቁጥር ይጻፉ። ያኔ ከ250 በላይ ቋንቋዎች ይነገሩ ነበር። የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ሕዝብም ራሱን ከአቦርጂናል ለይቶ ነው የሚያየው። «አቦርጂኖች» የሚለውን ደግሞ ይተዉት፤ በእንግሊዝኛ ይህ ስያሜ ብዙዎቹን ያስቀይማል። «የአቦርጂናል ሕዝቦች» ይበሉ። ሰውየው ከየትኛው ሕዝብ እንደሆነ ከታወቀ ደግሞ እሱን መጥራት ከሁሉ ይበልጣል፤ ዮርታ ዮርታ፣ ዋልፒሪ፣ ኑንጋር እያሉ።

ሐረግዎ እንግዲህ እንዲህ ይሁን፦ «በመንግሥት እጅ ሳሉ የሞቱ 99 የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ልጆች»። «ሕይወታቸው ያለፈ» የሚለውንም «የሞቱ» ብዬዋለሁ። «ሕይወቱ አለፈ» ለስላሳ ነው፤ ለለቅሶ ቤት ይሆናል። የምርመራ ዘገባ ግን እንዴት ሞተ ብሎ መጠየቅ አለበት።

«ሰካራም» የሚለውንም ቃል ይጠንቀቁ። ታንያ ዴይ የዮርታ ዮርታ ሴት ነበረች። በታኅሣሥ 2017 ወደ ሜልበርን በሚሄድ ባቡር ላይ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ ካስልሜይን በተባለች ከተማ አስወረዷት። አደባባይ ላይ ሰክረሻል ተብላ ታሰረች። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ወድቃ ጭንቅላቷ ተጎዳ፤ ከቀናት በኋላ ሞተች። የአሟሟት መርማሪዋ ዳኛ ባትታሰር ኖሮ ሞቷን ማስቀረት ይቻል እንደነበር ወስናለች። አጎቷ ሃሪሰን ዴይም ከ99ኙ አንዱ ነበር። እንዲህ ያለችን ሴት «ሰካራም» ብሎ መጻፍ በደል ነው። አማርኛ «ጠጥታ ነበር» እና «ሰካራም ናት» የሚሉትን ይለያል። አንዱ የአንድ ቀን ሁኔታ ነው፤ ሌላው የሰው ስም ይሆናል። ኮሚሽኑ በ1991 አደባባይ ላይ ሰክሮ መገኘት ወንጀል መሆኑ እንዲቀር መክሮ ነበር። እርስዎ የሚኖሩበት የቪክቶሪያ ግዛት ይህን በተግባር ያዋለው በኅዳር 2023 ነው፤ ያውም የታንያ ዴይ ቤተሰብ ያለማቋረጥ ስለታገለ። 32 ዓመት ፈጀ።

አንባቢዎ «ታዲያ በእስር ላይ የሚሞቱት ለምን ነባር ሕዝቦቹ ብቻ ናቸው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ኮሚሽኑ ራሱ የመለሰው ጥያቄ ስለሆነ በአንድ መስመር ያስገቡለት። ከታሰሩ በኋላ የሚሞቱበት መጠን ከሌላው እስረኛ የበለጠ አልነበረም። የበዛው መታሰራቸው ነው። ዛሬም ከአገሪቱ ሕዝብ 4 በመቶ አይሞሉም፤ ከእስረኞቹ ግን ሲሶ ያህሉ እነሱ ናቸው።

ስም አጠራር ላይ አንዲት ነገር ልጨምር። በብዙዎቹ ማኅበረሰቦች ዘንድ የሟችን ስም መጥራት ነውር ነው። በመካከለኛው አውስትራሊያ በሟቹ ስም ፋንታ «ኩማንጃይ» ይባላል። በ2019 ዩንዱሙ ውስጥ በፖሊስ ጥይት የተገደለው የዋልፒሪ ወጣት ኩማንጃይ ዎከር የተባለው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ «ነፍሱን ይማር» ብለን ስሙን እንጠራለን። እነሱ ግን በዝምታ ያከብሩታል። የቀድሞ ስሙን ፈልገው አይጻፉ፤ ቤተሰብ በመረጠው ስም ይጥሩት።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። «መናገር አያስፈልግዎትም» በጭራሽ አያስኬድም። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ከፖሊስ ሲሰማ «ዝም በል» የተባለ ነው የሚመስለው። «ዝም የማለት መብት አለዎት»ም ትንሽ ይሻላል እንጂ ለፈራ ሰው ግልጽ አይደለም። ይልቅ እንዲህ ይጻፉት፦ «መመለስም ዝም ማለትም የእርስዎ ምርጫ ነው። የሚናገሩት ነገር ግን ፍርድ ቤት በማስረጃነት ሊቀርብ ይችላል።»

ቀጥሎ «ገባዎት?» የምትል ጥያቄ ትመጣለች። እሷን በጣም ይጠንቀቋት። የኖርዘርን ቴሪቶሪ (የአውስትራሊያ ሰሜናዊ ግዛት) ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 በአኑንጋ ጉዳይ ለፖሊሶች መመሪያ ሲያወጣ ዳኛው ዊሊያም ፎርስተር አንድ ነገር አስተውለው ነበር። ብዙ የአቦርጂናል ሰዎች ከጨዋነት የተነሳ ጠያቂው ይፈልገዋል ብለው የሚያስቡትን መልስ ይሰጣሉ። እኛ ለዚህ ስም አለን፤ ይሉኝታ። የእኛም ሰው ባለሥልጣን ፊት ቆሞ «ገባህ?» ሲባል ሳይገባው «እሺ» ይላል። «አልሰረቅክም አይደል?» ቢባል ደግሞ «አዎ» ይላል፤ አልሰረቅኩም ማለቱ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ መርማሪ ግን አመነ ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ስንቱ ቃል በዚህ መንገድ ተጣሞ መዝገብ ገብቶ ይሆን?

የአኑንጋ መመሪያ መፍትሔው ቀላል ነው። አስተርጓሚ ይቅረብ። ተያዡ የሚያምነው ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። ማስጠንቀቂያው ከተነገረው በኋላ «አዎ» ማለቱ አይበቃም፤ የሰማውን ሐረግ በሐረግ በራሱ አነጋገር መልሶ ያስረዳ። በእርስዎም ጽሑፍ «ገባዎት?» የሚለውን ይሰርዙትና በቦታው ይህን ያስገቡ፦ «አሁን ያልኩዎትን በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ።»