መልስ፦ ሥራ መፈለግ ያቆመ ሰው ሥራ አጥ ተብሎ ይቆጠራል ወይ?

ተመርቆ ማመልከት የተወው ወንድምዎ በሥራ አጥነት ምጣኔው ውስጥ ይገባ እንደሆነ ጠይቀዋል። በዓለም የሥራ ድርጅት መለኪያ አይገባም፤ ሥራ አጥ የሚባለው ሥራ የሌለው፣ ቢያገኝ ለመጀመር ዝግጁ የሆነና በቅርብ ሳምንታት ሥራ የፈለገ ሰው በመሆኑ፣ ተስፋ ቆርጦ ፍለጋውን የተወ ከሠራተኛው ኃይል ማለትም ሥራ ካላቸውና ከሥራ አጦች ድምር ውጭ ይመደባል። በአንጻሩ ጥናቱ በሚመለከተው ሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ በክፍያ የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። ስለዚህ እኔ አስቀድሜ የማየው ሥራ ያላቸው ሰዎች ለሥራ ከደረሰው ጠቅላላ ሕዝብ ያላቸውን ድርሻ ነው፤ ይህ እንደ ወንድምዎ ያሉትን አይሰውርም። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው መለኪያ ደግሞ በዋናነት ለቤቱ ፍጆታ የሚያርሰውን ገበሬ ሥራ ካላቸው ጋር ስለማይደምር፣ የኢትዮጵያን ገጠር የቀድሞና የአሁን አኃዞች ከማነጻጸርዎ በፊት በየትኛው መለኪያ እንደተሰሉ ያረጋግጡ።