ታክሱ ስንት መጣ? ከሜሪላንድ፣ ከዲሲና ከቨርጂኒያ የመጡ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ ሴልስ ታክስ (ዕቃ ስንገዛ ዋጋው ላይ ስለሚጨመረው የሽያጭ ታክስ) ሆኗል፣ ዕቃ ሲወደድ ሰው ደረሰኝ ማንበብ ጀመረ መሰለኝ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ እንዳትቀየሙኝ።

"ከመጣሁ አምስት ወሬ ነው። ሜሪላንድ ታክስ 6 ፐርሰንት ነው ብለውኝ ጋሪ ላይ ያለውን ደምሬ ሳሰላው ካሼሯ ከምትለኝ ጋር በጭራሽ አይገናኝም። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?" (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ደምረህ ማስላትህ ላይ ነው የኔ ወንድም። 6 ፐርሰንቱ ልክ ነው፣ ግን ጋሪው ላይ ሳይሆን የሚታከሰው ዕቃ ላይ ብቻ ነው የሚሰራው፣ ግማሹ ዕቃ ደግሞ ጭራሽ ታክስ የለበትም። ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ወስደህ የምታበስለው ምግብ ነፃ ነው፣ ጤፉ፣ በርበሬው፣ ሽንኩርቱ፣ በፕላስቲክ የታሸገው እንጀራም ጭምር። ለስላሳና ከረሜላ ቸኮሌት ግን ምግብ ተብሎ አይቆጠርም፣ ይታክሳል። ግሮሰሪው ውስጥ (የአዲስ አበባውን መጠጥ ቤት አይደለም የምልህ) ተጠብሶ ትኩስ የሚሸጠው ዶሮም ይታክሳል፣ እዛው ጥሬውን ብትገዛው ግን ነፃ።

እስኪ እንቁጠር። የጤፍ ዱቄት 32 ዶላር፣ ሽንኩርትና ቲማቲም 9፣ እንጀራ 8፣ የልጅ ዳይፐር 25፣ ኮካ 8፣ ቸኮሌት 4፣ የዕቃ ሳሙና 6። ድምሩ 92። አንተ 5.52 ታክስ ጠብቀህ ነበር አይደል? የሚታከሰው ግን ኮካ፣ ቸኮሌትና ሳሙና ብቻ ነው፣ 18 ዶላር፣ ታክሱም 1.08። ዳይፐሩም ከ2022 ጀምሮ ነፃ ሆኗል፣ እሱ ባይሆን ኖሮ ብቻውን 1.50 ይጨምርብህ ነበር። ደረሰኙ ላይ ብዙ ጊዜ ከዋጋው አጠገብ አንዲት ፊደል አለች፣ የሚታከሰውን የምትለየው በሷ ነው።

በፉድ ስታምፕ (መንግሥት ለምግብ መግዣ በሚሰጠው ድጎማ) የምትገዙ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በካርዱ የተከፈለ ምግብ ላይ ታክስ አይጨመርም፣ ሜሪላንድ ውስጥ ኮካውም ቢሆን። የፌደራል ሕግ ነው። ተጨምሮ ካያችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ።

"አንድ አይነት ክትፎ፣ አንድ አይነት ዋጋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዲሲና አሌክሳንድሪያ በልቼ ሦስት የተለያየ ሂሳብ ከፈልኩ። ማነው የዘረፈኝ?"

ማንም አልዘረፈህም፣ ክትፎ ግን በጣም ትወዳለህ። 24 ዶላር ነው እንበል። ሜሪላንድ ሬስቶራንት ላይም ያው 6 ፐርሰንት ነው፣ 1.44። ዲሲ ሬስቶራንት ለብቻው 10 ፐርሰንት ነው፣ 2.40። የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ከተማ 6 ፐርሰንት ሴልስ ታክሱ ላይ የራሷን 5 ፐርሰንት የምግብ ታክስ ትጨምራለች፣ 11 ይሆናል፣ 2.64። ጎረቤቷ አርሊንግተን 4 ነው የምትጨምረው፣ ስለዚህ ከዲሲ ጋር እኩል ነች። ሰርቪስ ቻርጅ የሚል መስመር ካየህ እሱ ታክስ አይደለም፣ ቤቱ ራሱ የጨመረው ነው፣ አይተኸው ቲፕህን አስብ። ቲፕ ደግሞ ከታክስ በፊት ባለው ዋጋ ነው የሚሰላው፣ ማሽኑ በጠቅላላው ላይ አስልቶ ቢያቀርብልህም።

"ውድብሪጅ ነኝ፣ ደረሰኜ ላይ ሁለት ታክስ አለ፣ አንዱ 1 ፐርሰንት ይላል።"

ትክክል ነው። ቨርጂኒያ ምግብን እንደ ሜሪላንድ ሙሉ ለሙሉ አልለቀቀችም፣ 1 ፐርሰንት ትወስዳለች (እስከ 2022 መጨረሻ 2.5 ነበር)። ዳይፐርና ሞዴስም እዛው 1 ፐርሰንት ውስጥ ናቸው። ሌላው ዕቃ እናንተ ጋ 6 ነው። ወደ ሻርሎትስቪል ብትወርጂ ግን 5.3 ታገኛለሽ፣ አንድ ስቴት ውስጥ ሆኖ።

"10.05 ዶላር ገዝቼ በካልኩሌተር 60 ሳንቲም ታክስ ይላል፣ ካሼሩ 61 ወሰደ። አንድ ሳንቲም ናት ግን አናደደችኝ።"

ታናድዳለች ስልህ! ሜሪላንድ እንደ ትምህርት ቤት ሂሳብ አታጠጋጋም። ከሙሉ ዶላሩ በላይ ያለችው ትርፍ ትንሽም ብትሆን እስከ 16 ሳንቲም ድረስ አንድ ሳንቲም ታስከፍላለች። 10 ዶላሩ 60፣ አምስቷ ሳንቲም አንድ፣ 61።

"1,200 ዶላር ላፕቶፕ ልገዛ ነው፣ ጓደኞቼ ደላዌር ሂድ ታክስ የለም ይሉኛል። ያዋጣል?"

ደላዌር ሴልስ ታክስ የለም፣ እውነት ነው። የምታተርፈው የሜሪላንዱን 6 ፐርሰንት፣ 72 ዶላር ነው፣ ከሱ ላይ ቤንዚን፣ የመንገድ ክፍያና የአንድ ቅዳሜ ግማሽ ቀንስ። ጓደኞችህ ያልነገሩህ ደግሞ አለ፣ ዕቃውን ሜሪላንድ አምጥተህ የምትጠቀምበት ከሆነ ያንኑ 6 ፐርሰንት ዩዝ ታክስ በሚል ስም አንተው ራስህ አሳውቀህ መክፈል አለብህ። ብዙ ሰው አያደርገውም፣ ሕጉ ግን አለ። እኔ ብሆን እዚሁ ገዝቼ ቅዳሜዬን አርፍበታለሁ።

"ትንሽ ሱቅ አለችኝ ሜሪላንድ። ዋጋዬ ታክስን ያካተተ ነው፣ አንድ ቀን የሚታከስ ዕቃ 53 ዶላር ሸጥኩ፣ በ6 ፐርሰንት 3.18 አስቀመጥኩ። ልክ ነኝ?"

አይ ጋሼ፣ 18 ሳንቲም ከራስዎ ኪስ አወጡ። ታክስ የተጨመረበትን እንደገና ማባዛት ሳይሆን ለ1.06 ማካፈል ነው። 53 ለ1.06 ሲካፈል 50፣ ታክሱ 3 ዶላር። በቀን 18 ሳንቲም ቀልድ ይመስላል፣ በዓመት ሽያጭ ሲያስቡት ግን አይደለም። እሷን ሦስት ዶላር ደግሞ ሌላ ሂሳብ ውስጥ ያስቀምጧት፣ የስቴቱ ገንዘብ ነች፣ ኪራይ ሲደርስ ነክቶ በኋላ የተቸገረ ብዙ ሰው አለ።

"የታክስ ፍሪ ሳምንት መቼ ነው? የልጄ ጫማ 105 ዶላር ነው።"

ሜሪላንድ ነሐሴ ላይ ነው (በፈረንጁ ኦገስት)፣ ከሁለተኛው እሁድ እስከ ቅዳሜ። ልብስና ጫማ እያንዳንዱ 100 ዶላር ወይም ከዛ በታች ከሆነ ነው ነፃ የሚሆነው። ያንቺ 105 ስለሆነ አምስቷ ላይ ብቻ ሳይሆን ሙሉው ላይ ትከፍያለሽ፣ 6.30። ሱቁ ራሱ አምስት ዶላር ዲስካውንት ቢያደርግልሽ ግን ትገቢያለሽ።

"እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች። 19.99 የሚል ሻርፕ አይታ 20 ዶላር ቆጥራ ሄደች፣ 21.19 ሲሏት ዋጋ ጨመሩብኝ ብላ ጥላው መጣች። ምን ብዬ ላስረዳት?"

እሳቸው የለመዱት 15 ፐርሰንት ቫት ነው፣ መርካቶም ቢሄዱ ቦሌ ያው 15። እዚህ ግን ስቴቱም አንዳንድ ከተማም የየራሱን ስለሚጥል ሱቆች መለያው ላይ አይጽፉትም፣ ካሼሩ ጋ ነው የሚወጣው። በየ50 ዶላሩ 3 ዶላር ይጨምሩ በያቸው፣ ለሜሪላንድ ይበቃቸዋል። ለሻርፑ ደግሞ 22 ይዘው ይመለሱ፣ ሳይሸጥ አይቀርም ብለሽ አታስፈራሪያቸው።